36 ሰው በተራ አውት አድርጎ እንዴት ይሸነፋል? ስለ ሀርቪ ሀዲክስ የቤዝቦል ጨዋታ ለተጠየቀው መልስ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አሁን ነው ያየሁት። አትላንታ ስራ ቦታ አብሮህ ሚሰራ አንድ ትልቅ ሰውዬ "ድሮ ቤዝቦል ላይ አንድ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) 12 ኢኒንግ (ዙር) ሙሉ አንድም ሰው ቤዝ ሳያስረግጥ ቆይቶ ተሸነፈ፣ ያሸነፉትም ሁለት ሰው ቤዝ ላይ እያለ በተመታ ሆምራን (ከአጥር ውጪ በወጣ ምት) ነው፣ ግን ውጤቱ 1 ለ 0 ተብሎ ተመዘገበ፣ መቺው ሀንክ አሮንም ነገሩ ውስጥ አለበት" አለህ፣ አንተ ደግሞ እንደዛ ከሆነ 3 ለ 0 መሆን ነበረበት እንጂ እንዴት 1 ለ 0 ይሆናል፣ ሰውዬው እያጋነነብኝ ነው ወይ ብለህ ጠየቅክ። መጨረሻ ላይም ዛሬ እንደዚ አይነት ነገር ሊደገም ይችላል ወይ ብለሃል።

ሰውዬው አንዲትም አልጨመረም፣ እንደነገረህ ነው የሆነው። እኔ እዚህ አሜሪካ የታዳጊዎችና የአማተር ሊግ ላይ ዳኝነትና ስኮር መያዝ ስሰራ ቆይቻለሁ፣ በኛ ስራ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ይሄን ጨዋታ ሳያነሳ አያልፍም፣ ምክንያቱም የሩጫ ህጉም የስኮር አያያዙም የፐርፌክት ጌም ትርጉሙም በአንድ ማታ አንድ ላይ የተፈተኑበት ነው። ስለዚ ረዘም ይላልና ታገሰኝ፣ ባጭሩ ብነግርህ አይገባህም።

ቀኑ ማክሰኞ ሜይ 26፣ 1959 ነው፣ በኛ አቆጣጠር ግንቦት 18፣ 1951 መሆኑ ነው። ቦታው ሚልዋኪ ካውንቲ ስቴዲየም፣ 19,194 ሰው ገብቷል። የተጋጠሙት ሚልዋኪ ብሬቭስና ፒትስበርግ ፓይሬትስ ናቸው። ሚልዋኪ ብሬቭስ ስልህ ሌላ ቡድን እንዳይመስልህ፣ ያው ያንተው ከተማ ብሬቭስ ነው፣ መጀመሪያ ቦስተን ነበር፣ በ1953 ሚልዋኪ ሄደ፣ በ1966 ደግሞ ጠቅልሎ አትላንታ ገባ። ሰውዬው ታሪኩን በቃሉ ሚያውቀው አንድም ለዛ ይሆናል፣ አትላንታ ላይ መንገድ የተሰየመለት ሀንክ አሮን ያኔ ገና የ25 አመት ወጣት ነበር።

ቤዝቦል ለማይከታተል አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። መቺው ቤዞቹን ዞሮ ከተመለሰ አንድ ነጥብ ነው፣ ሳይሳካለት ከተመለሰ አውት ነው፣ አንድ ቡድን በአንድ ኢኒንግ ሶስት አውት ነው ያለው፣ በ9 ኢኒንግ 27 ማለት ነው። ፒቸሩ 27ቱንም ሰው እንደመጣ ከመለሰ፣ ማለትም በሂት (ኳሷን መትቶ በመድረስ) ይሁን፣ በዎክ (አራት መጥፎ ኳስ ተወርውሮለት በነፃ በማለፍ) ይሁን፣ በራሱ ጓደኞች ስህተት (ኤረር) ይሁን፣ ኳስ ገላው ላይ አርፎበት ይሁን፣ በምንም ምክንያት አንድም ሰው አንደኛ ቤዝ ካልደረሰ ፐርፌክት ጌም ይባላል። ከድሮ ጀምሮ ባለው የሜጀር ሊግ ታሪክ በጣት ሚቆጠር ነው፣ በ2023 የኒውዮርክ ያንኪሱ ዶሚንጎ ሄርማን ሲያደርገው ገና 24ኛው ነበር። በ1959 ደግሞ ፓይሬትስና ብሬቭስ ባሉበት ናሽናል ሊግ ውስጥ ከ1880 ወዲህ ያደረገ ሰው አልነበረም። ሀርቪ ሀዲክስ ያን ማታ 27 ላይ አላቆመም፣ 36 ደረሰ።

ሀዲክስ ማነው ካልክ የኦሃዮ ልጅ፣ ግራኝ፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ያኔ 33 አመቱ ነው። ሴንት ሉዊስ እያለ በ1953 20 ጨዋታ አሸንፏል፣ ጥሩ ፒቸር ነው ግን ስሙ ከላይ ከሚጠሩት አንዱ አልነበረም። ያን ቀን ደግሞ ጉንፋን ይዞታል፣ ጤነኛ ሳይሆን ነው የወጣው። ከጨዋታው በፊት በነበረው ስብሰባ ላይ ለእያንዳንዱ የብሬቭስ መቺ እንዴት እንደሚወረውርለት ለጓደኞቹ ሲያስረዳ የሶስተኛ ቤዙ ተከላካይ ዶን ሆክ "እንዳልከው ከወረወርክ እኮ ኖ ሂተር (አንድም ሂት ያልተመታበት ጨዋታ) ነው ምታደርገው" ብሎ እንደቀለደበት ይነገራል። ሆክን ያዘው፣ ወደሱ እንመለሳለን።

የገጠመው ቡድን ደግሞ ቀላል ቡድን አይደለም። ብሬቭስ በ1957 የአለም ሻምፒዮን ነው፣ በ1958ም የሊጉን ዋንጫ ወስዷል። ኤዲ ማቲውስ በ1959 46 ሆምራን መትቶ ከሊጉ አንደኛ የወጣ ሰው ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ሚመጣው አሮን በዛው አመት .355 መትቶ (ከ1000 ሙከራ 355 ሂት እንደማለት ነው) የባቲንግ ሻምፒዮን ሆኗል፣ ከአሮን ቀጥሎ ደግሞ ጆ አድኮክ አለ፣ በ1954 በአንድ ጨዋታ 4 ሆምራን የመታ ግዙፍ ሰውዬ። እነዚህ ሶስቱ ተከታትለው ነው ሚመጡት። 36 አውት ማለት ዘጠኙም ቦታ እያንዳንዱ አራት አራት ጊዜ ዞሯል ማለት ነው፣ ስለዚ ማቲውስ አራት ጊዜ መጥቶ ተመለሰ፣ አሮን አራት ጊዜ መጥቶ ተመለሰ፣ አድኮክ አራት ጊዜ መጥቶ ተመለሰ። አንድ ጊዜ በእድል ይሆናል፣ ሁለት ጊዜም ይሆናል፣ አራት ጊዜ በተራ ግን እድል አይባልም።

አወራወሩ በአብዛኛው ፈጣን ኳስና ስላይደር (ወደ ጎን ሚታጠፍ ኳስ) ነው፣ ሁለቱንም ደግሞ የፈለገበት ቦታ እያስቀመጠ። ጨዋታውን በሙሉ የወረወረው 115 ኳስ ነው ይባላል፣ ይሄ ማለት በአንድ ኢኒንግ 9 ገደማ ማለት ነው፣ ስኮር ሚይዝ ሰው ይሄን ቁጥር ሲያይ ነው ሚደነግጠው፣ አሁን ጥሩ ጨዋታ ነው ሚባለው በአንድ ኢኒንግ 15 ሲሆን ነው። 8 ሰው ስትራይክ አውት (ኳሷን ሳይመቱ) አድርጓል፣ የቀረውን ጓደኞቹ ናቸው የጨረሱለት፣ በተለይ ሾርትስቶፑ (በሁለተኛና በሶስተኛ ቤዝ መሀል ሚከላከለው) ዲክ ስኮፊልድ የብሬቭሱ ጆኒ ሎጋን የመታቸውን ከባድ ኳሶች ይዞ አድኖታል።

የገረመኝ ነገር ምን መሰለህ፣ ሀዲክስ ራሱ ፐርፌክት ላይ መሆኑን እርግጠኛ አልነበረም። ሂት እንዳልተመታበት ስኮር ቦርዱ ላይ ያያል፣ ግን መጀመሪያ አካባቢ ላይ አንድ ሰው በዎክ ያሳለፈ መስሎት ነበር፣ ኋላ ላይ እንደዛ ብሏል። ቤዝቦል ላይ ደግሞ እንደዚ ሲሆን ጓደኛ አያወራህም፣ ገዱን ላለማበላሸት ሁሉም ዝም ነው ሚለው፣ ስለዚ ማን ይንገረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሁሉም ሰው ሚጠይቀው "ሀዲክስ እንዴት ተሸነፈ" ነው፣ እኔ ግን መጠየቅ ያለበት "ፓይሬትስ እንዴት አላገባም" ነው ባይ ነኝ። በእግር ኳስ አስበው፣ በረኛ የመጣበትን ሁሉ ቢያድን አጥቂዎቹ እስካላገቡ ድረስ ያለህ 0 ለ 0 ነው፣ እዚህ ደግሞ አቻ ተብሎ አይለያዩም፣ አንዱ እስኪያገባ ይቀጥላል።

የብሬቭስ ፒቸር ሉ በርዴት ነበር፣ በ1957 የአለም ሻምፒዮና ላይ ያንኪስን ሶስት ጊዜ አሸንፎ ኮከብ የተባለው ሰውዬ። እሱም ያን ማታ 13 ኢኒንግ ሙሉ ወረወረ፣ አንድ ሰው በዎክ አላሳለፈም፣ ግን ሂት ተመቶበታል፣ ያውም 12። አየህ ልዩነቱን፣ አንደኛው ፒቸር ዜሮ ሂት ሌላኛው 12 ሂት፣ ስኮር ቦርዱ ላይ ግን ሁለቱም ጋ ዜሮ ዜሮ ዜሮ እያለ ይሄዳል። የፓይሬትስ ሂቶች ሲንግል ናቸው፣ ማለት አንድ ቤዝ ብቻ፣ ያውም ተበታትነው ነው የመጡት። ብሬቭስ ሶስት ጊዜ ደብል ፕሌይ ሰራባቸው፣ በአንድ ኳስ ሁለት አውት ማለት ነው፣ ስምንት ሰው ደግሞ ቤዝ ላይ እንደቆመ ኢኒንጉ አለቀበት። ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ ቦብ ስኪነር የመታት ኳስ ልትወጣ ስትል ነፋስ ይዟት አጥሩ ስር ተያዘች።

ሶስተኛውን ኢኒንግ ግን ቀረብ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ጨዋታው ያለቀው እኔ እንደማየው እዛ ነው። ያን ቀን ሮቤርቶ ክሌመንቴ ጉዳት ላይ ስለነበር አልተሰለፈም፣ በሱ ቦታ ራይት ፊልድ የገባው ሮማን መሂያስ የሚባል ኩባዊ ነው። መሂያስ አንደኛ ቤዝ ላይ ቆሟል፣ መቺው ራሱ ሀዲክስ ነው፣ ያኔ በናሽናል ሊግ ፒቸሩ ራሱ ይመታ ነበር፣ አሁን እንዳለው በሱ ፋንታ ሌላ ሰው አይመታለትም። ሀዲክስ መታ፣ ኳሷ ሄዳ በርዴትን መታችና ነጥራ ወደ ሾርትስቶፑ ወደ ሎጋን አመራች። ሀዲክስ አንደኛ ቤዝ በሰላም ደረሰ። መሂያስ ግን ሁለተኛ ቤዝ ላይ መቆም ሲችል ኳሷ የጠፋችባቸው መስሎት ሶስተኛ ቤዝ ልግባ ብሎ ሮጠ፣ ሎጋን አንስቶ ለማቲውስ ወረወረለት፣ አውት። ቀጥሎ የመጣው ስኮፊልድ ሲንግል መታ! መሂያስ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ በዛች ኳስ ሊገባ ይችል ነበር፣ 1 ለ 0፣ ከዛ በኋላ ሀዲክስ 9 ኢኒንጉን ጨርሶ በክብር ቤቱ ይገባ ነበር። በስኮፊልድ ሂት ሀዲክስ ራሱ ሶስተኛ ቤዝ ደረሰ፣ ነጥብ ከሚቆጠርበት ከመጨረሻው ቤዝ (ከሆም ፕሌት) 90 ጫማ ላይ ቆሟል ማለት ነው፣ ጨዋታውን በራሱ እግር ሊያሸንፍ። ቀጥሎ ቢል ቨርደን ወደ ላይ መታና ተያዘ፣ ኢኒንጉ አለቀ።

መሂያስን ልኮንነው አይደለም፣ በሶስተኛው ኢኒንግ ላይ ሰው ይደፍራል፣ ፒቸሩ ታሪክ እየሰራ መሆኑን ማን ያውቃል። ግን 13ቱ ኢኒንግ ውስጥ ሁሉም ሰው ሚያስታውሰው የመጨረሻዋን ስህተት ነው፣ ይቺኛዋን ሚያነሳ የለም፣ ለዛ ነው እኔ ማነሳት።

ዘጠነኛው አለቀ፣ 27 በ27። አስረኛው፣ አስራ አንደኛው፣ አስራ ሁለተኛው። ከሱ በፊት ማንም ከ9 ኢኒንግ በላይ ፐርፌክት ሆኖ ተጉዞ አያውቅም፣ በየኢኒንጉ ታሪክ ነው እየሰራ ያለው፣ የሚልዋኪ ደጋፊ ራሱ ለተጋጣሚው ፒቸር ማጨብጨብ ጀመረ።

አስራ ሶስተኛው ኢኒንግ። ፓይሬትስ አሁንም ሳያገባ ወጣ። የብሬቭስ የመጀመሪያ መቺ ፌሊክስ ማንቲያ ነው፣ የገባው ተቀይሮ ነው፣ ለራሱ የመጀመሪያ ምቱ ነው። መሬት ለመሬት ወደ ሶስተኛ ቤዝ መታ፣ ዶን ሆክ በደንብ ያዛት፣ ጊዜም ነበረው፣ ግን ሲወረውር ዝቅ አለችበትና አንደኛ ቤዝ ላይ ያለው ሮኪ ኔልሰን ሊይዛት አልቻለም። ኤረር። 36 ሰው ከተመለሰ በኋላ 37ኛው ቤዝ ረገጠ። ፐርፌክቱ እዚች ጋ ሞተ፣ ልብ በል፣ ኖ ሂተሩ ግን አልሞተም፣ ኤረር ሂት አይደለምና።

ቀጥሎ ማቲውስ መጣ። 46 ሆምራን ሚመታው ሰውዬ ምን አደረገ፣ በንት። ማለት ባቱን ይዞ ኳሷን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ ጣላት፣ ራሱን መስዋእት አድርጎ ማንቲያን ወደ ሁለተኛ ቤዝ አሻገረው። ሀዲክስን ምን ያህል እንደፈሩት በዚህ ነው ሚታወቀው። አሁን አንድ አውት ነው፣ አንደኛ ቤዝ ባዶ ነው፣ ሚመጣው አሮን ነው፣ ስለዚ ፓይሬትስ ሆን ብለው በዎክ አሳለፉት፣ ይሄ ያለ ነገር ነው፣ ከአሮን ይልቅ አድኮክ ይሻለናል፣ ደብል ፕሌይም እናገኝ ይሆናል ነው ሀሳባቸው። ጨዋታው ሙሉ ላይ የነበረው ብቸኛ ዎክ ይሄ ነው፣ ያውም በፈቃዳቸው።

አድኮክ መጣ። ሀዲክስ ስላይደር ወረወረ፣ ከፍ አለችበት፣ አድኮክ አገኛት፣ በቀኝ መሀል በኩል ከአጥሩ በላይ ለጥቂት ወጣች። ማንቲያ ገባ። ጨዋታው አለቀ።

አለቀ ስልህ ግን አላለቀም፣ ያንተ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው ሚጀምረው። አሮን ኳሷ አጥሩን አልፋ መውጣቷን አላየም። አጥሩ አጠገብ የወደቀች ነው የመሰለው፣ በሱ ሂሳብ ማንቲያ ከገባ ጨዋታው አልቋል፣ እኔ ለምን እሮጣለሁ ነው ያለው፣ ሁለተኛ ቤዝን ረገጠና ሜዳውን አቋርጦ ወደ ጓደኞቹ ሄደ። አድኮክ ደግሞ ሆምራን መምታቱን ያውቃል፣ አንገቱን ደፍቶ እየዞረ ነው፣ አሮን የተወውን መንገድ ይዞ ወደ ሶስተኛ ቤዝ ቀጠለ። ህጉ ግልፅ ነው፣ ከኋላ ያለ ሯጭ ከፊቱ ያለውን ሯጭ ካለፈ አላፊው አውት ነው፣ ሆምራንም ቢሆን። እኔ ልጆች ሳሰለጥን ሆምራን መትተህ እንኳን ከፊትህ ያለውን ሰው እያየህ ሩጥ ምላቸው ለዚች ነው። የብሬቭስ ሰዎች ነገሩ ሲገባቸው አሮንንና አድኮክን መልሰው ቤዙን እንዲዞሩ አደረጓቸው፣ ግን አድኮክ አሮንን አልፏልና አውት ተባለ።

ያን ማታ የወጣው ውጤት 2 ለ 0 ነበር፣ የማንቲያና የአሮን፣ የአድኮክ ተሰርዞ። በማግስቱ ግን የናሽናል ሊግ ፕሬዝዳንት ዋረን ጃይልስ አየውና 1 ለ 0 ነው አለ። ሎጂኩን ልንገርህ፣ ሰውዬው ያልነገረህ እሱን ነው። የቤት ቡድን በመጨረሻው ኢኒንግ አሸናፊዋን ነጥብ ሲያስቆጥር ጨዋታው እዛው ይቆማል፣ ከኋላ ሚመጣ ሯጭ አይቆጠርም። ከዚህ ህግ ነፃ ሚሆነው ከአጥር ውጪ የወጣ ሆምራን ብቻ ነው፣ ሆምራን ከሆነ ሁሉም ዞሮ ይገባል። አድኮክ ግን ዙሩን ሳይጨርስ አውት ስለሆነ ሆምራን ተብሎ ሊመዘገብለት አይችልም፣ ደብል (ሁለት ቤዝ ሚያስደርስ ሂት) ሆነ። ደብል ከሆነ ደግሞ ልዩ ህጉ አይሰራም፣ ማንቲያ ሲገባ ጨዋታው አልቋል፣ አሮን ዞረ አልዞረ ለውጥ የለውም። ስለዚ አንድ ኤረር፣ አንድ በንት፣ አንድ ዎክ፣ ደብል የተባለ ሆምራን፣ 1 ለ 0። እኔ ጃይልስ ትክክል ነው እላለሁ፣ የሜዳው ዳኞች የአድኮክን አውት በትክክል ጠርተው ውጤቱ ላይ ነው የተሳሳቱት።

ስለ ሆክ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ሰው ሁሉ ኤረሩን እሱ ላይ ይለጥፋል፣ ስሙም በዚህ ነው ሚነሳው። ግን ሆክ በደንብ ቢወረውር ኖሮ ሀዲክስ ያሸንፍ ነበር ወይ? አያሸንፍም፣ ቡድኑ አላገባማ። አስራ አራተኛው ኢኒንግ ይመጣ ነበር፣ አስራ አምስተኛው ይመጣ ነበር፣ ሀዲክስ ደክሞታል፣ ታሟል። ሆክ የሰበረው ፐርፌክቱን ነው፣ ጨዋታውን የጣሉት 12 ሂት መትተው ባዶ የወጡት ሁሉም ናቸው። ይሄን ለይቶ ማየት ለሰውዬው ፍትህ ነው ብዬ ነው ማስበው።

ሌላ ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር አለ። ከ30 አመት በኋላ በ1989 የብሬቭስ ፒቸር የነበረው ቦብ ቡል አንድ ነገር አወጣ፣ ያን ማታ የሀዲክስን ምልክት ይሰርቁ ነበር። የፓይሬትስ ካቸር (ከመቺው ኋላ ተቀምጦ ኳስ ሚይዘው) ስሞኪ በርጀስ ወፍራም ሰው ስለነበር ዝቅ ብሎ መቀመጥ ይከብደዋል፣ ስለዚ ለፒቸሩ በጣቱ ሚሰጠው ምልክት ከሩቅ ይታያል። ብሬቭሶች ከሜዳው ጥግ ከቡልፔን (ተቀያሪ ፒቸሮች ሚቆዩበት ቦታ) ሆነው በባይኖኩላር እያዩ ፎጣ በማንቀሳቀስ ፈጣን ኳስ ነው ወይ ሌላ ነው ብለው ለመቺው ይነግሩት ነበር። ምልክቱን ያልወሰደው አሮን ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ሁሉ ወስደዋል። አስበው እንግዲህ፣ ሚመጣውን ኳስ አስቀድመው እያወቁ እንኳን 36ቱንም መለሳቸው! ይሄን ከሰማሁ በኋላ ለኔ የዚህ ጨዋታ ትልቅነት በእጥፍ ነው የጨመረው፣ የትኛውም ፐርፌክት ጌም ዝርዝር ውስጥ ያለ ጨዋታ ይሄን ያህል ሸክም ተሸክሞ የተወረወረ አይመስለኝም።

ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። በ1991 ሜጀር ሊግ የስታትስቲክስ ኮሚቴ አቋቁሞ ኖ ሂተር ማለት 9 ኢኒንግ ወይ ከዛ በላይ ሆኖ እስከመጨረሻው ያለ ሂት ያለቀ ጨዋታ ብቻ ነው ብሎ ትርጉሙን አጠበቀው፣ ወደ 50 ሚጠጉ ጨዋታዎች ከመዝገብ ወጡ፣ የሀዲክስም አብሮ ወጣ። እስከዛ ድረስ ከፐርፌክቶቹ ጋ ይፃፍ ነበር። እንደ ስኮር ያዥ ካሰብኩት ህጉ ወጥ መሆን አለበት፣ በዝናብ በ5 ኢኒንግ የተቋረጠ ጨዋታ ከ9 ኢኒንጉ እኩል መፃፍ አልነበረበትም፣ በሱ እስማማለሁ። የሀዲክስን ግን ከነዛ ጋ ደባልቆ ማውጣት ልክ አይደለም፣ እሱ 9ኙን ጨርሶታል፣ 27ቱን አውት አድርጓል፣ ሶስት ኢኒንግ ጨምሮበታል። ከ27 በኋላ የሆነው ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ የመጀመሪያዎቹን 27 ሊያጠፋ አይገባም። ለብቻው መስመር ሰርተው ሊፅፉት ይችሉ ነበር። ራሱ ሀዲክስ ሲጠየቅ ችግር የለም፣ ያደረግኩትን አውቀዋለሁ ነው ያለው። ከዛ በኋላ ብዙም አልቆየም፣ በጃንዋሪ 1994 አረፈ። በአንድ ጨዋታ 36 ሰው በተከታታይ አውት ማድረግ ግን እስካሁን ሪከርዱ የሱ ነው፣ እሱን የወሰደበት የለም።

ሰውዬውን ያን ማታ ብቻ እንዳታውቀው ደግሞ ይቺን ጨምርበት። በቀጣዩ አመት በ1960 ፓይሬትስ የአለም ሻምፒዮና ደርሶ ያንኪስን ገጠመ። ሀዲክስ አምስተኛውን ጨዋታ ጀምሮ አሸነፈ፣ ሰባተኛውና የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ደግሞ ተቀይሮ ገባ፣ ያንኪስ እሱ ላይ አቻ አደረገ፣ 9 ለ 9፣ ከዛ ቢል ማዘሮስኪ በዘጠነኛው ኢኒንግ መጨረሻ ላይ ያችን ታዋቂ ሆምራን መታ፣ 10 ለ 9። አሸናፊ ፒቸር ተብሎ የተመዘገበው ማነው፣ ሀርቪ ሀዲክስ። ሚልዋኪ ላይ 36 ሰው መልሶ ተሸነፈ፣ ፒትስበርግ ላይ አቻ አስቆጥረውበት የሻምፒዮናው አሸናፊ ሆነ። ማዘሮስኪ ያን የሚልዋኪ ማታም ሁለተኛ ቤዝ ላይ ነበር፣ ሆክም ሶስተኛ ቤዝ ላይ ሆኖ ከሀዲክስ ጋ አብሮ ሻምፒዮን ሆኗል።

ዛሬ ሊደገም ይችላል ወይ ላልከው፣ እንዳለ አይደገምም። አንደኛ፣ ዛሬ ፒቸር 13 ኢኒንግ አይወረውርም፣ 100 ኳስ አካባቢ ሲደርስ አሰልጣኙ ያወጣዋል፣ ሀዲክስም በ115 ቢሆን እንኳን ወደ መጨረሻው ላይ አያስቀጥሉትም ነበር። ቀረብ ያለ ነገር ግን ታይቷል። በ1995 የሞንትሪያሉ ፔድሮ ማርቲኔዝ ሳን ዲየጎ ላይ 9 ኢኒንግ ፐርፌክት ሄዶ 0 ለ 0 ስለነበር አስረኛው ላይ ሂት ተመታበት፣ ቡድኑ ግን በዛው ኢኒንግ አንድ አግብቶለት ስለነበር 1 ለ 0 አሸነፈ። በኦገስት 2017 ደግሞ የዶጀርሱ ሪች ሂል፣ ያውም ፒትስበርግ ላይ፣ ከፓይሬትስ ጋ፣ 8 ኢኒንግ ፐርፌክት ሄደ፣ ዘጠነኛው ላይ በሶስተኛ ቤዙ ኤረር ፐርፌክቱ ተሰበረ፣ አስረኛው ላይ ጆሽ ሃሪሰን ሆምራን መታበትና 1 ለ 0 ተሸነፈ። የሶስተኛ ቤዝ ኤረር፣ ከዛ ሆምራን፣ 1 ለ 0፣ ሀዲክስን ሚያውቅ ሰው ሁሉ ያን ቀን እሱን ነው ያነሳው።

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ህጉ ራሱ ተቀይሯል። ከ2020 ጀምሮ፣ በ2023 ደግሞ በቋሚነት፣ በመደበኛው ሲዝን ከአስረኛው ኢኒንግ ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን ሲመታ ሁለተኛ ቤዝ ላይ አንድ ሰው በነፃ ቆሞለት ነው ሚጀምረው። ስለዚ ዛሬ አንድ ፒቸር 9 ኢኒንግ ፐርፌክት ሄዶ አስረኛው ላይ ቢደርስ፣ ያ ሁለተኛ ቤዝ ላይ የቆመው ሰው መሬት ለመሬት በተመታች ኳስ ሶስተኛ ቤዝ ይሻገራል፣ ቀጥሎ ወደ ላይ በተመታችና በተያዘች ኳስ ሆም ይገባል፣ ፒቸሩ አንድም መቺ ሳያሳልፍ፣ ሂትም ዎክም ኤረርም ሳይኖር 1 ለ 0 ይሸነፋል። እንደዚ አይነት ጨዋታ እስካሁን አልታየም፣ ህጉ ግን ይፈቅደዋል፣ ለሰውዬው ነገ ስትገናኙ ይሄን ንገረውና ምን እንደሚልህ ፃፍልን።